ወንበሩ ከመሬታችን ጋር ይስማማ



የአካል ጉዳተኛ ነገር ሲነሣ ብዙዎቻችን «ምነው አንድ ተሽከርካሪ ወንበር በተገኘለት» እንላለን። ወንበሩ ሲመጣ ይጨበጨባል፤ ጉዳዩም ያለቀ ይመስለናል። ይሁንና ወራት ሳይቆጠሩ ያ ወንበር ጓሮ ተጥሎ ዶሮ ሲሰፍርበት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ባለቤቱም ተመልሶ ቤት ውስጥ ይውላል፤ ገበያም፣ ልቅሶም፣ ትምህርት ቤትም ለሱ ሩቅ አገር ይሆንበታል። በኔ አስተያየት የዚህ ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ወንበሩ ለእኛ መሬት አልተሠራም፤ ሲሰበርም የሚጠግነው ሰው አልተዘጋጀም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ዛሬም በብዛት የምናየው ተጣጣፊ ወንበር መነሻው እ.ኤ.አ. በ1933 ኤቨረስትና ጄኒንግስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን መሐንዲሶች የሠሩት ነው። ኤቨረስት ራሱ በማዕድን ማውጫ አደጋ ተጎድቶ በወንበር የሚሄድ ሰው ነበር። ወንበሩ ታጥፎ መኪና ውስጥ እንዲገባ፣ በለሰለሰ ወለልና በአስፋልት ላይ እንዲሄድ የታሰበ ነው። ለዚያ አገር ትልቅ እፎይታ ሆኗል። የደምቢያ ጥቁር መሬት ግን ጠባዩ ሌላ ነው፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ በክረምት ጭቃው እግር አይለቅም። የፊተኞቹ ቀጫጭን ጎማዎች እዚያ ውስጥ ሲሰምጡ ወንበሩ ወደ ፊት ይደፋል፤ የተቀመጠውም ሰው በግንባሩ ይወድቃል።

ለእንዲህ ያለው መሬት የሚሆን ወንበር የሠሩ ሰዎች አሉ። ራልፍ ሆችኪስ የተባለው መሐንዲስ እሱም በሞተር ብስክሌት አደጋ ተጎድቶ በወንበር የሚሄድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ከኒካራጓ አካል ጉዳተኞች ጋር በመሥራት ጠጠርና ጭቃ የሚችል ወንበር ፈለገ። ከዚህ ሥራ የወጣው «ራፍ ራይደር» የተባለው ወንበር የፊትና የኋላ ጎማዎቹ የተራራቁ ስለሆኑ በቀላሉ አይደፋም፤ የፊቱ ጎማ ሰፊ ነው፤ የኋላው ተራ የብስክሌት ጎማ ነው። ኤሞስ ዊንተር የተባለው ተመራማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ታንዛንያ ሄዶ ችግሩን ካጠና በኋላ፣ ከባልደረቦቹ ጋር በሁለት ዘንጎች የሚነዳ ወንበር ሠራ። ሰውየው ዘንጉን ከላይ ሲይዘው ለዳገትና ለጭቃ ጉልበት ያገኛል፤ ዝቅ አድርጎ ሲይዘው ይፈጥናል። ሰንሰለቱም ጥርሱም የብስክሌት ነው። እንግዲህ ሁለቱንም ወንበሮች የብስክሌት ጠጋኝና የብየዳ ባለሙያ ባለበት ከተማ መጠገን ይቻላል ማለት ነው።

«እነዚህን ወንበሮች ማን ያመጣልናል? ገንዘቡስ ከየት ነው?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በእጃችን ያለውንም ወንበር ማሻሻል ይቻላል። አዲስ አበባ ላይ «አዲስ ጉዞ» የተባለው ድርጅት ያገለገሉ ወንበሮችን ከስዊዘርላንድ እያስመጣ፣ እየጠገነና በተጠቃሚው ልክ እያስተካከለ ሲሰጥ ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ ወንበር ለሰውየው ልክና ለአካባቢው የሚስማማ፣ እዚያው አገር ውስጥ የሚጠገን መሆን አለበት ብሏል። የመቀመጫው ትራስ እንኳ ቀላል ነገር አይደለም። ወገቡ ተጎድቶ ሕመም የማይሰማው ሰው በጠንካራ መቀመጫ ላይ ሲውል ሰውነቱ ይቆስላል፤ ቁስሉም ሲያመረቅዝ ሕይወት እስከ ማጥፋት ይደርሳል።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ሰዎች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር። የሠፈራችንን ቦይ ግን ማንም መጥቶ አይከድንልንም፤ የእኛው ሥራ ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን ሦስት ነገር እንዲያደርግ አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ በየቤቱ ያሉት ወንበሮች ይቆጠሩ፤ ምናቸው እንደተበላሸም ይመዝገብ።

ሁለተኛ፣ ከአንድ ብስክሌት ጠጋኝና ከአንድ ብየዳ ቤት ጋር እንስማማ፤ ከማኅበሩ ገንዘብ ጥቂት ወጥቶ ጎማ፣ ኩሽኔታና ብሎን በመጠባበቂያነት ይቀመጥ። የፊቱን ቀጭን ጎማ በሰፊ መለወጥ ብቻውን ብዙ ያግዛል።

ሦስተኛ፣ ክረምት ሳይገባ በየመተላለፊያው ቦዩ ላይ ጠንካራ ድልድይ ይደረግ፤ ደረጃ ባለበትም ተዳፋት መውጫ ይሠራ። መውጫው ቀጥ ያለ ዳገት አይሁን፤ አንድ ክንድ ከፍታ አሥራ ሁለት ክንድ ርዝመት ይፈልጋል። ቁመቱ 15 ሳንቲም ለሆነ ደረጃ 1 ሜትር ከ80 ይበቃል ማለት ነው።

ይህን የምናደርገው ለምጽዋት ብለን አይደለም። ወንበሩ በደንብ የሚሄድለት ሰው ሱቁን ይከፍታል፣ ልጁን ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ዕድሩ ላይ እንደ ማንኛችንም ተቀምጦ ይናገራል። በዚያው መውጫ ምርኩዝ የያዙ አባቶች፣ ነፍሰ ጡሮችና ጋሪ የሚገፉም ይጠቀሙበታል። ነገ ማን ምን እንደሚገጥመው የሚያውቅ የለም። እስቲ በሚቀጥለው ስብሰባ እንነጋገርበትና ቢያንስ ቆጠራውን እንጀምር።