ከአገር ቤት የመጡት አያት

አባቴ ከአገር ቤት ሊጠይቁን በመጡ ጊዜ ልጄ በጓደኞቹ ፊት አፈረባቸው። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው፤ የባላገርን ሙያ አላስተማርሁትምና።

በትግራይ፥ በውቅሮ አጠገብ፥ የአብርሃ ወአጽብሓ መንደር ሕዝብ መሬቱ በድርቅ ቢራቆትበት በተራራው ላይ እርከን ሠራ፤ ጎርፍ የሸረሸረውን ቦረቦር በድንጋይ ክትር አገደ፤ ከብቱንም ከዳገቱ ከለከለ። የዝናሙ ውኃ ወደ መሬት ስለ ሰረገ፥ በጕድጓዱ ውኃ፥ በማሳው አትክልት፥ በቀፎውም ማር ተገኘ። ስለዚህ በ2004 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኢኳተርን ሽልማት ሰጠው።

ወላጆች ሆይ፥ ከተማ ዕውቀትን የሚሰጥ፥ ገጠር ግን የሚቀበል ብቻ አይምሰለን። በመጪው ክረምት ልጆቻችንን ወደ አያቶቻቸው እንላክ፤ ለእርከኑ ድንጋይ ያቀብሉ፥ ይማሩም። የእኔው ልጅ አስቀድሞ አያቱን ይቅርታ ይጠይቃል፤ እኔም ከእርሱ ጋር።