የግራር ሙጫ ለካንሰር መድኃኒት ተሸካሚነት ሲታጭ

ከቡሌ ሆራ በያቤሎና በሜጋ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወርደው መንገድ የሚያቋርጠው የቦረና ቆላ በከብትና በግመል ርቢ ይታወቅ እንጂ፣ በበጋው ወራት ከግራር ግንድ እየወጣ የሚደርቀው ሙጫም፣ በተለይ ወተት በሚነጥፍበት ጊዜ፣ ለአርብቶ አደሩ ቤተሰብ የገንዘብ ምንጭ ሆኖ ኖሯል። ይህ ሙጫ በኬሚስትሪ ዓይን ሲታይ ፖሊሳካራይድ ነው፤ ይኸውም ጋላክቶስንና አራቢኖስን የመሳሰሉ ስኳሮች ተያይዘው የሠሩት፣ ቅርንጫፉ የበዛ ግዙፍ ሞለኪውል ማለት ነው። ከሽሪምፕ ቅርፊት ከሚወጣው ኪቶሳንና ከባሕር አረም ከሚገኘው አልጂኔት ጋር፣ የካንሰር መድኃኒትን እስከ ዕጢው ድረስ ያደርሳሉ ተብለው ተስፋ ለተጣለባቸው ናኖ ቅንጣቶች መሥሪያነት ከታጩት ውስጥ ይገኛል። ስለነዚህ ቅንጣቶች ሲጻፍ «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል እንደ ዋና ብቃታቸው ይቀርባል። ነገሩ በቅርበት ሲመረመር ግን ተፈጥሯዊነት የሙጫው ትልቁ ድካም ሆኖ ይገኛል፤ ለመድኃኒት የሚያበቃው ማንነቱ ተለክቶ የታወቀና በየጊዜው አንድ ዓይነት ሆኖ መቅረቡ ነው።

ተሸካሚ ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። ለምሳሌ ዶክሶሩቢሲን የተባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒት የካንሰር ሴልን ሲገድል የልብን ጡንቻም ስለሚጎዳ፣ አንድ ታማሚ በዕድሜው ሙሉ ሊወስደው የሚችለው ጠቅላላ መጠን የተገደበ ነው። መድኃኒቱ 100 ናኖ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ቅንጣት ውስጥ ቢታሸግ፣ ይህም የሰው ፀጉር ውፍረት አንድ ሺህኛ ገደማ ነው፣ ኩላሊት አጣርቶ እንዳያስወጣው የሚያግድ ትልቅነትና ከደም ሥር ሾልኮ ለመውጣት የሚያስችል ትንሽነት አብረው ይኖሩታል። በችኮላ የሚያድግ ዕጢ የሚያበቅላቸው የደም ሥሮች ግድግዳቸው ክፍተት የበዛበት መሆኑንና ትላልቅ ሞለኪውሎችም በዚያ ሾልከው በዕጢው ውስጥ እንደሚጠራቀሙ ማትሱሙራና ማኤዳ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በ1986 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል።

ሙጫው ወደዚህ ሥራ የሚገባው በኤሌክትሪክ ሙሉ (ቻርጁ) ነው። በውስጡ ያለው ግሉኩሮኒክ አሲድ በውሃ ውስጥ አሉታዊ ሙል ስለሚይዝ፣ አዎንታዊ ሙል ያለው ኪቶሳን ሲጨመርበት ሁለቱ ተሳስበው ያለ ኃይለኛ ኬሚካልና ያለ ከፍተኛ ሙቀት ጥቃቅን እንክብል ይሠራሉ፤ በደም ውስጥ አዎንታዊ ሙል የሚይዘው ዶክሶሩቢሲንም በዚያው ይያዛል። የዕጢ አካባቢ ከደም ይልቅ አሲድነቱ ስለሚያይል፣ ትስስሩ እዚያ ሲላላ መድኃኒቱ ይለቀቃል ተብሎ ይታሰባል። በአሜሪካ የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ፣ ጨረር አመንጪ የወርቅ ቅንጣቶችን በግራር ሙጫ ሸፍነው ለፕሮስቴት ካንሰር በተዳረጉ አይጦች ላይ ሲሞክሩ የዕጢው መጠን ካልታከሙት ጋር ሲነጻጸር ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል። ውጤቱ ያስደስታል፤ ሆኖም ቅንጣቶቹ የተወጉት በቀጥታ ዕጢው ውስጥ ስለነበር፣ ሙጫው በደም ተጉዞ ዕጢን የማግኘት ችሎታው በዚህ ሙከራ አልተፈተነም።

ሙጫ በደም ሥር መሰጠቱ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዊሊያም ቤይሊስ ብዙ ደም ለፈሰሳቸው ቁስለኞች በጨው ውሃ የተበጠበጠ የግራር ሙጫ እንዲሰጥ አድርጓል። ዘዴው ብዙ ጊዜ ተሠርቶበት፣ ሙጫው በጉበት ውስጥ ተከማችቶ ለረጅም ጊዜ እንደሚቆይና አልፎ አልፎም ከባድ የሰውነት ምላሽ እንደሚያስከትል ሲታወቅ ተተወ። የጉበት ሴሎች ጋላክቶስን የሚይዝ መቀበያ ስላላቸው፣ ሙጫው ለጉበት ካንሰር መድኃኒት ጥሩ መሪ ሊሆን ይችላል፤ ለጡት ወይም ለማኅፀን በር ካንሰር ግን ያው ባሕርይ መድኃኒቱን ወደማይፈለግበት ቦታ ሊወስደው ይችላል። የሚበላ ነገር በመርፌም ደኅና ነው የሚለው ሐሳብ በዚህ ታሪክ ፊት አይቆምም።

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ያለው ግን ሙጫው በሚታጨቅበት ጆንያ ውስጥ ነው። የዓለምን አብዛኛውን የግራር ሙጫ የምታቀርበው ሱዳን፣ አካሺያ ሴኔጋል ከተባለው ዛፍ የሚገኘውን ሃሻብና ከአካሺያ ሰያል የሚገኘውን ጣልሃ ለይታ ትሸጣለች። የሁለቱ ልዩነት በዓይን ብዙም ባይታወቅም፣ በውሃ ተበጥብጠው በአንድ አቅጣጫ የሚነዝር (ፖላራይዝድ) ብርሃን ሲያልፍባቸው የመጀመሪያው የንዝረቱን አቅጣጫ ወደ ግራ፣ ሁለተኛው ወደ ቀኝ ያዞረዋል፤ ይህን የሚለየው መሣሪያ ፖላሪሜትር ይባላል። በቦረና ሙጫው በብዛት የሚለቀመው ራሱ ፈስሶ ከደረቀበት ግንድ፣ ከብት በሚጠበቅበት መስክ በመሆኑ፣ የተለያዩ ዛፎች ሙጫ ከቅርፊትና ከአቧራ ጋር በአንድ ጆንያ ሊቀላቀል ይችላል። ለለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ ይህ የዋጋ ቅናሽ ጉዳይ ይሆናል። በመርፌ ለሚሰጥ ቅንጣት ግን የሞለኪውሉ ክብደት ሲለዋወጥ የቅንጣቱ መጠን ይለዋወጣል፤ ከአቧራው የመጣ የባክቴሪያ ቅሪትም ሙጫው ቢፈላ እንኳ ትኩሳትና የደም ግፊት መውደቅ ሊያስከትል ይችላል።

በተስፋው ላይም ልክ ያስፈልጋል። በ2016 እ.ኤ.አ. የካናዳ ተመራማሪዎች የአሥር ዓመት ጽሑፎችን መርምረው ባወጡት ግምገማ፣ በእንስሳት ሙከራ ከተወጋው ናኖ ቅንጣት ዕጢው ዘንድ የደረሰው መካከለኛ ድርሻ 0.7 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። በአሜሪካ ቀድመው የተፈቀዱት የካንሰር ናኖ መድኃኒቶች፣ የ1995ቱ ዶክሲልና የ2005ቱ አብራክሴን፣ የተሠሩትም በስብና በፕሮቲን እንጂ በፖሊሳካራይድ አይደለም። በባሌና በአርሲ በብዛት የሚታየው የምግብ ቧንቧ ካንሰር ታማሚ፣ መዋጥ ተስኖት ዘግይቶ ሐዋሳ ወይም ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲደርስ፣ የመድኃኒቱ ተሸካሚ ምንም ቢረቅ የባከነውን ጊዜ አይመልስለትም።

እንዲህ ከሆነ ለደቡቡ ቆላ የሚበጀው ከመጨረሻው ደረጃ አለመጀመር ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ክፍል ፕሮፌሰር ጽጌ ገብረማርያም በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የእንሰትን ስታርች ባሕርይ ለክተው፣ በክኒን ውስጥ ማያያዣና መበተኛ ሆኖ እንደሚያገለግል ከውጭ ባልደረባቸው ጋር አሳትመዋል። ሥራው የሚያስደምም አይመስልም፤ ነገር ግን አንድ የአገር ውስጥ ፖሊሳካራይድ ከምግብነት ወደ መድኃኒት ግብዓትነት የሚሻገርበት ትክክለኛው በር ይኸው ነው። ለቦረና ሙጫም ተመሳሳይ ሥራ በቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ሊጀመር ይችላል፤ የሚጠይቀውም ሙጫው ከየትኛው ዛፍና ከየትኛው ቀበሌ እንደተለቀመ የሚመዘግብ ደብተር፣ ፖላሪሜትር፣ የእርጥበት፣ የናይትሮጅንና የባክቴሪያ ምርመራ ነው። ከዚያ በኋላ በአፍ የሚወሰድና እስከ ትልቁ አንጀት ሳይሟሟ የሚደርስ የክኒን ሽፋን ይከተላል፤ ወደ ደም ሥር የሚገባው ቅንጣት ተራው የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።