ስለ አመድና ስለ አጥንት



በየዓመቱ በዚህች መጽሔት ላይ ስለ አገር ፍቅር፥ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ መልካም ጠባይ ብዙ ይጻፋል። የሚገባም ነው። እኔ ግን ዘንድሮ ብዕሬን ያነሣሁት ሰው ሁሉ ከቤቱ ጠርጎ ስለሚጥላቸው ስለ ሁለት ነገሮች ነው፤ እነዚህም አመድና አጥንት ናቸው። አንባቢ ሆይ፥ በአርእስቱ አይሳቁብኝ፤ አስቀድመው እስከ መጨረሻው ያንብቡትና ከዚያ በኋላ ይፍረዱ።

ባለፈው የትምህርት ዘመን በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ስለ አሲድና ስለ ቤዝ እንማር ነበር። መምህራችን የላቦራቶሪውን ቁም ሣጥን ከፍተው ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እያነሡ ቢመለከቱ፥ አንዳንዱ ባዶ ሆኖ፥ አንዳንዱም ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ደብዝዞ ምን እንደ ያዘ የማይታወቅ ሆኖ ተገኘ። የሊትመስ ወረቀቱም አልቆ ኖሯል። ስለዚህ «በአሲድ ሰማያዊው ይቀላል፤ በቤዝ ቀዩ ሰማያዊ ይሆናል» እያልን በቃላችን አጠናን፤ በፈተናም ጻፍነው፤ ብዙዎቻችንም ጥሩ ማርክ አገኘንበት። ዳሩ ግን ከመካከላችን ሲለወጥ በዓይኑ ያየ አንድም ተማሪ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን አንድ ቅዳሜ የአያቴን ልብስ ሳጥብ ዋልሁ። ነጠላቸው ላይ የአልጫ ወጥ ፈሶበት ቢጫ ሆኖ ነበርና ሳሙና ባስነካሁት ጊዜ ቢጫው በድንገት ደም መሰለ። አያቴም «አንተ ልጅ፥ ነጠላዬን ምን አደረግህብኝ?» ብለው ደነገጡ። እኔም ደንግጬ ሎሚ ቆርጬ ብጨምቅበት ቀይነቱ ጠፍቶ እንደ ገና ቢጫ ሆነ። ለካስ በየወጡ የምንጨምረው እርድ ራሱ እንደ ሊትመስ የሚያገለግል ነው! በማግሥቱ እርድ በአልኮል በጥብጬ፥ ነጭ ወረቀት ነክሬበት አደረቅሁና ሰኞ ወደ ክፍል ይዤው ሄድሁ። ከምድጃችን አመድ አጥልዬ ባመጣሁት ውሃ ላይ ጫፉን ባስነካነው ጊዜ ወረቀቱ ቀላ። የክፍሉ ልጆች በሙሉ ከወንበራቸው ተነሥተው መጡ። መምህራችንም ፈገግ ብለው «እንግዲህ ሊትመሱ ተገኘ፤ አሁን አመዱ ውስጥ ያለው ምን እንደ ሆነ የሚነግረኝ ማነው?» ሲሉ ጠየቁን። የሚመልስ ጠፋ። አመድ በየቤታችን ሞልቶ ሳለ፥ ምን እንደ ሆነ ግን አናውቅም ነበር።

የእኔ አሳብ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ትምህርት ቤታችን ከሩቅ የሚመጣውን ጠርሙስ ብቻ እየጠበቀ ከሚቀመጥ፥ ከሚጣለው ነገርና ከመሬታችን ከሚገኘው ማዕድን የሚቻለውን ያህል ኬሚካል ራሱ እየሠራ ቢያስተምረን ይሻላል እላለሁ።

አመድ ውስጥ ምን አለ? የእንጨት አመድ በውሃ ሲዘፈዘፍ አብዛኛው አይሟሟም፤ የሚሟሟው ክፍል ግን በብዛት ፖታሲየም ካርቦኔት የሚባለው ጨው ነው። ውሃው ተጠልሎ በብረት ድስት ሲፈላና ሲደርቅ ከድስቱ ግርጌ ነጣ ያለ ቅርፊት ይቀራል። ይኸው ፖታሽ ነው። በተለይ የቡና ገለባ አመድ በፖታሲየም የበለጸገ ነው፤ ሆኖም ገለባው በየቡና መፈልፈያው ደጃፍ ተከምሮ ሲበሰብስ ይታያል። ደግሞ ይህን የአመድ ውሃ ግድግዳ ከምንቀባበት ከተበጠበጠ ኖራ ጋር ብናፈላው ነጭ ዝቃጭ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከላይ የሚቀረው ውሃ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባለው ብርቱ ቤዝ ነው። ይህ ውሃ ከሞራ ጋር ሲፈላ ለስላሳ ሳሙና ይሆናል፤ የገበታ ጨው ሲጨመርበትም ይጠነክራል። እንግዲህ በሦስት ነገሮች ብቻ፥ ማለት በአመድ፥ በኖራና በሞራ፥ በመጽሐፋችን ውስጥ ያሉ ብዙ ትምህርቶች በአንድ ጊዜ ይገለጣሉ ማለት ነው።

ይህ አሳብ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ኬሚስትሪ ከአመድ ብዙ ተምሯል። ብርቱ ቤዝ የሚጠራበት «አልካሊ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ የተቃጠለ ተክል አመድ ማለት ነው። «ፖታሽ» የሚለውም ስም «ማሰሮ» እና «አመድ» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገጠመ ነው። እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ በ1807 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በኤሌክትሪክ ኃይል ከዚሁ ነገር አዲስ ንጥረ ነገር ባወጣ ጊዜ ፖታሲየም ብሎ ሰየመው። የአሜሪካ መንግሥትም በ1790 የመጀመሪያውን የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫ የሰጠው ለመሣሪያ ወይም ለሰዓት ሠሪ አልነበረም፤ ፖታሽ የሚሠራበትን ዘዴ ላሻሻለው ለሳሙኤል ሆፕኪንስ ነበር። ዛሬ በሥልጣኔ የምናደንቃት አገር በዚያ ዘመን አመድ አላፈረችበትም።

ከራሳችን አገርም ምስክር አለን። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ሴቶች በወንዝ ዳር ልብሳቸውን በእንዶድ ሲያጥቡ ተመለከቱ፤ በዚያም ስፍራ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ቢልሃርዚያ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፉ ነበሩ። ከዚያ ቀን የተነሣው ምርምር በዓለም ታወቀ፤ በ1989ም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አስገኘላቸው። እንዶድን እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። አዲስ የሆነው ነገር አንድ የተማረ ሰው ቆሞ መመልከቱና «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ መጠየቁ ነው።

አሁን ወደ አጥንቱ ልምጣ። በዚህች መጽሔት ላይ የወጣውን የክፍላችንን ፎቶግራፍ አስተውሎ የሚመለከት ሰው፥ ብዙዎቻችን አፋችንን ገጥመን መነሣታችንን ያያል። ኩራት እንዳይመስላችሁ፤ ጥርሳችን ቡናማ ስለ ሆነ ነው። እኛ የስምጥ ሸለቆ ልጆች ነን። በአካባቢያችን የከርሰ ምድር ውሃ በእሳተ ገሞራ ከተፈጠረው ድንጋይ ውስጥ ፍሎራይድ የሚባለውን ንጥረ ነገር እያሟሟ ይዞት ይወጣል። ጥቂቱ ለጥርስ ይጠቅማል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው ልክ ግን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚህ እጅግ የበለጠውን በልጅነቱ ሲጠጣ ያደገ ሰው ጥርሱ ይበላሻል፤ መጠኑ ከፍ ብሎ ለብዙ ዓመታት ሲጠጣም አጥንትን ይጎዳል። በሰፈራችን ጀርባቸውን ማቅናት የተሳናቸው ሽማግሌዎች አሉ። የእኔ ጥርስ ከእንግዲህ ወዲያ አይመለስም። ነገር ግን ታናሽ እኅቴ ገና አራት ዓመቷ ነው፤ የሚተካው ጥርሷ ከድድዋ ውስጥ እየተሠራ ያለው በዚህ ጊዜ ነው።

ታዲያ ፍሎራይድ ለምን ወደ ጥርስና ወደ አጥንት ይሄዳል? ጥርስና አጥንት የተሠሩበት የካልሲየምና የፎስፌት ማዕድን ፍሎራይድን ስለሚስብ ነው። እንግዲያስ ወደ እኛ አጥንት ከመድረሱ በፊት ሌላ አጥንት ብንሰጠውስ? የአጥንት ከሰል የሚባለው ይህ ነው። የከብት አጥንት አየር እንደ ልብ በማይገባበት ምድጃ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ሙቀት ሲከስልና ሲደቅ፥ በላዩ ከሚያልፈው ውሃ ላይ ፍሎራይዱን ይይዛል። በስኳር ፋብሪካ ጭማቂን ለማንጣት ለብዙ ዘመን ያገለግል ነበር፤ በአገራችን ስምጥ ሸለቆም ውሃ ለማጣራት ሠርቷል። ሙቀቱ ሲያንስ ውሃው መጥፎ ሽታ ይይዛል፤ ሲበዛ ደግሞ አጥንቱ ነጭ ሆኖ ኃይሉ ይደክማል። ስለዚህ በጥንቃቄ የሚሠራ ሥራ ነው። እንዲህ ያለው ጥቅም ያለው ነገር ግን በየሥጋ ቤቱ ጓሮ የውሻ መናከሻ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ለአያቴ ባወራሁላቸው ጊዜ «ልጄ፥ በጾም ቀን አጥንት የነካውን ውሃ ልታጠጣኝ ነው?» አሉኝ። አልሳቅሁም። ሥጋውና ቅባቱ ተቃጥሎ አልቆ የቀረው ማዕድንና ከሰል ብቻ መሆኑን ነገርኋቸው፤ እርሳቸውም «እንግዲያው የንስሐ አባቴን ልጠይቅ» አሉ። እኔም ትክክል ናቸው እላለሁ። የክርስቲያኑም የእስላሙም ቤት የሚጠጣው ውሃ ነውና፥ ካህናቱና ሼሆቹ አስቀድመው ቢጠየቁ፥ የማን እርድ አጥንት እንደ ሆነም ቢታወቅ፥ ሥራው ይቀናል እንጂ አይሰናከልም።

ከወላጆች ዘንድ የሚመጣው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። «ልጃችንን የላክነው ዶክተር ወይም መሐንዲስ እንዲሆን ነው እንጂ አመድ እንዲያፍስ አይደለም» የሚሉ አሉ። ይህ ንግግር ከአሮጌ በሽታችን የመጣ ነው። አባቶቻችን በኖራና በአመድ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ፥ ብረት የሚሠራውን ቀጥቃጭ፥ ሸክላ የምትሠራውንም ቡዳ እያሉ ይንቋቸው ነበር። እነዚያ ሰዎች ግን የአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኬሚስትሪ ባለሙያዎች ነበሩ። የተናቀ ሙያ ለልጅ አይወረስም፤ ሳይወረስ ሲቀርም ዕውቀቱ አብሮ ይሞታል። ዛሬ እኛ የባዶ ጠርሙስ ስም በቃላችን የምናጠናው ምናልባት ከዚያ ንቀት የተነሣ ይሆናል።

መምህራን ደግሞ ስለ አደጋው ሊያስቡ ይገባቸዋል። ከአመድና ከኖራ የሚወጣው ብርቱ ቤዝ ቆዳን ያቃጥላል፤ ዓይን ያጠፋል፤ የአሉሚኒየም ድስትም ይበላል። ስለዚህ ያለ መምህርና ያለ ዓይን መሸፈኛ ማንም እንዳይነካው፥ በታሸገና ስሙ በተጻፈበት ዕቃ ውስጥም እንዲቀመጥ ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ ያለ ልክ መሥራት ራሱ ጥፋት ነው። ፈረንሣዊው ኒኮላ ሌብላን በ1791 ከገበታ ጨው ሶዳ የሚወጣበትን ዘዴ አገኘ፤ ብዙ ፋብሪካም ተሠራበት። ዳሩ ግን ከጭስ ማውጫው የሚወጣው የአሲድ ጋዝ የአካባቢውን ዛፍና አዝመራ ስላቃጠለ የእንግሊዝ ፓርላማ በ1863 ሕግ አውጥቶ ጋዙ እንዲያዝ አስገደደ። በእኛም አገር የአቢጃታ ሐይቅ ለሶዳ አሽ ሲባል ውሃው ተወስዷል፤ የሚመግቡት ወንዞችም ለመስኖ ተጠልፈዋል፤ ሐይቁም ከቀድሞ ዳርቻው እጅግ ሸሽቷል። ከማዕድን የሚወስድ ሰው ምን ያህል እንደሚተርፍ አስቀድሞ ይቁጠር። አመድና አጥንትን ያስቀደምሁትም ስለዚህ ነው፤ እነርሱ በየቀኑ የሚጣሉ ናቸውና።

በመጨረሻ የምለምነው ብዙ አይደለም። አንደኛ፥ በሚመጣው ዓመት በላቦራቶሪው ጥግ አንድ የአመድ ማጥለያ ጋንና አንድ የብረት ድስት ይቀመጥልን፤ እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ አንድ ጣሳ አመድ ያምጣ። ሁለተኛ፥ ከከተማችን ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ አልፊው ተጋብዘው ሥራቸውን ያሳዩን፤ እኛም በአክብሮት እንጠይቃቸው። ሦስተኛ፥ በመምህራን መሪነት ጥቂት የአጥንት ከሰል ሠርተን፥ የጉድጓዳችን ውሃ ከመጣራቱ በፊትና ከተጣራ በኋላ ያለው ፍሎራይድ በሚመለከተው የውሃ መሥሪያ ቤት ይለካልን። ተለክቶ ደህና ነው እስኪባል ድረስ ማንም አይጠጣው። ባይሳካም ለምን እንዳልተሳካ እናውቃለን፤ ይህም ከዚህ ቀደም ካገኘነው ማርክ ሁሉ የበለጠ ትምህርት ነው።

በአማርኛችን ለሰው ደክሞ ምስጋና ያጣ ሰው «አመድ አፋሽ» ይባላል። እኔ ግን ጓደኞቼን በሚቀጥለው ዓመት በእውነት አመድ አፋሾች እንሁን ብዬ እጋብዛለሁ። ምስጋናውን ዛሬ ባናገኘው፥ እኅቴ እዚህ ትምህርት ቤት በምትገባበት ዘመን በመጽሔቱ ላይ የሚወጣው የክፍሏ ፎቶግራፍ ይመልስልናል። ያን ጊዜ ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ስቀው ቢነሡ፥ ለእኛ ይበቃናል።