ቤት ትምህርት ቤት ሲሆን

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፣ ትምህርቱ በራዲዮና በቴሌቪዥን ወደየቤቱ እንዲደርስ መደረጉ ይታወሳል። አሳቡ መልካም ነበር። በዚያው ዓመት በአሜሪካም ልጆቹን በቤት የሚያስተምረው ቤተሰብ በጥቂት ወራት እጥፍ ያህል መጨመሩን የአገሩ የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት ገልጿል፤ የዚያ አገር ወላጅ ግን አብዛኛው አንባቢ ነው።

ከሮቤና ከጎባ ወጣ ብሎ በባሌ ደጋ ስንዴና ገብስ የሚያመርተው ገበሬ ፊደል ካልቆጠረ ልጁን በምን ያስጠናዋል? ራዲዮ ቢኖረው እንኳ ራዲዮ ደብተር አያርምም። ሥራው በታላቅ እኅት ላይ ይወድቃል፤ እርስዋም የምታስተምረው ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ በተረፋት ሰዓት ነው። የእርስዋንስ ደብተር ማን እንደሚያርምላት እንጃ!

ስለዚህ የባሌ ወጣት ሹማምንት ስለ ልጆች ትምህርት ሲመክሩ፣ የእናትና የአባትን የማታ ትምህርት ከበጀቱ መጨረሻ ባያስቀምጡት እንወዳለን።