ቁም ሣጥን ላይ ያለው ካርቶን

ለፋሲካ ጎንደር ቤተሰብ ዘንድ ሄጄ ሳለ እናቴ ቁም ሣጥን ላይ የተቀመጠ አቧራ የጠጣ ካርቶን አወረደችና «ይሄን ወይ ውሰጂልኝ ወይ ልጣለው» አለችኝ። ከፈትኩት፤ ካሴት ነው። ግማሹ ከሙዚቃ ቤት የተገዛ ዘፈን ሲሆን ግማሹ ምንም አልተጻፈበትም። የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝና ስም የሌለው ዕቃ ገበያ የለውም ባይ ነኝ። «ጣይው፣ እማዬ» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ነገር ትዝ ብሎኝ ተውኩት።

እማሆይን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በፒያኖአቸው ነው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተምረዋል፤ በ21 ዓመታቸው ግሸን ማርያም መንኩሰዋል። ለእኛ ለጎንደሬዎች ግን ሌላም ታሪክ አላቸው። የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለማጥናት ከተማችን በኖሩበት ጊዜ ቀን ቁራሽ ሲለምኑ ውለው ማታ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ሜዳ ላይ የሚያድሩ የቆሎ ተማሪዎችን አዩ። የሚሰጧቸው ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ሙዚቃ ነው። ጀርመን አገር ሸክላ ያስቀረጹት ገቢው ለችግረኞች መርጃ እንዲውል ብለው ነበር። እኔ ሁልጊዜ «ይህን ማን ይገዛል?» ብዬ እጀምራለሁ፤ እሳቸው የጀመሩት «ይህ ለማን ይደርሳል?» ብለው ነው።

እማሆይ መጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም አረፉ። በዓመቱ ሚሲሲፒ ሬከርድስ የተባለ የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚ «ሶቬኒርስ» የሚል አልበም አወጣላቸው። ከአብዮቱ በኋላ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ከመሄዳቸው በፊት፣ አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ፒያኖ እየተጫወቱ ራሳቸው በቴፕ የቀዷቸው መዝሙሮች ስብስብ ነው። በፒያኖ ብቻ የምናውቃቸው እናት እዚህ በአማርኛ ያዜማሉ፤ ስለ አገር፣ ስለ መለየት። ስቱዲዮ ስላልሆነ ከውጭ የወፎች ድምፅ ይገባል። ለብዙ ዓመታት ብዙ ሰው ያልሰማው ድምፅ የተረፈው ካሴቱን የጣለው ሰው ስላልነበረ ነው።

ወደ ካርቶናችን ልመለስ። ፒያሳ ዞሬ የሚሠራ ቴፕ አጣሁ፤ በመጨረሻ ከጎረቤት ተዋስን። ሦስተኛው ካሴት ላይ እናቴ ሽንኩርት መክተፏን አቆመች። አያቴ ናት። ሱዳን ለነበረው አጎቴ የካሴት ደብዳቤ ስትልክ! ዳባት ብርዱ መክበዱን፣ ገብሱ መልካም መያዙን፣ ላሟ መውለዷን ትነግረዋለች፤ መሀል ላይ ዶሮ ይጮኻል። «ይሄ እኮ አልተላከም» አለች እናቴ። «ወደዚያ የሚሄድ ሰው ጠፍቶ ቀረ።»

አጎቴ አሁን ካናዳ ነው። ድምፁን በቴሌግራም ላክሁለት። ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን ደወለና «ላሟ ቡሬ ናት አይደል?» አለኝ፤ ከዚያ መናገር አልቻለም።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ካርቶን አይጠፋም። ክሩ የላላ ካሴት ከሆነ መጀመሪያ በእስኪርብቶ ቀስ ብላችሁ አጠንጥኑት። ያረጀ ክር ሊበጠስ ስለሚችል ገና ስታጫውቱት ጀምሮ ቅዱት፤ ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተር በገመድ ማገናኘት ይበቃል፤ ካልሆነም ስልካችሁን አጠገቡ አስቀምጡ። የማን ድምፅ እንደሆነ የሚያውቁ ሽማግሌ ሳሉ ጠይቃችሁ ስሙን ጻፉበት።

የኛ ካርቶን ቁም ሣጥኑ ላይ ተመልሷል። ገና 11 ካሴት ይቀረናል፤ እናቴም አሁን ማንንም አታስነካም።