ኢንተርኔት ለተቋረጠበት ወረዳ በኢንተርኔት የሚጫን ዳታቤዝ?

ጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው፤ መረጃውን የሚያስቀምጠው ፖስትግሬስ በተባለ ዳታቤዝ ላይ ነው። ኡቡንቱ ላይ ፖስትግሬስን ለመጫን አንድ ትዕዛዝ መጻፍ ይበቃል። ኔትወርክ ካለ! አዲስ አበባ ላይ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም፤ የደህንነት ማሻሻያውም በዚያው መንገድ ይመጣል።

ዓለም ከተማ ግን ሌላ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደነበር ማን ይረሳል? የጀማን ቁልቁለት ወርዶ ዳገቱን የወጣ ባለሙያ ለአንድ ፋይል ብሎ አይመለስም።

«ዊንዶውስ ይሻላል፣ መጫኛው በፍላሽ ይሄዳል» የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ዲኤችአይኤስ የግድ የሚፈልገው ፖስትጂአይኤስ ግን ለብቻው የሚጨመር ነው፤ የተለመደው መንገድ ስታክ ቢልደር ደግሞ ከኢንተርኔት ነው የሚያወርደው። ሥራው እዚያ ላይ ይቆማል።

ጥፋቱ ታዲያ የኡቡንቱም የዊንዶውስም አይደለም፤ ሳያዘጋጅ የሚልከው አካል ነው። ፖስትጂአይኤሱን ለብቻ አውርዶ፣ የኡቡንቱን ፓኬጆች ከነተከታዮቻቸው፣ ወረዳው ላይ ላለው ስሪት ሰብስቦ፣ የኔትወርክ ገመዱ በተነቀለ ኮምፒዩተር ላይ ሞክሮ መላክ የእሱ ሥራ ነው። እስከዚያው የወሩ የወሊድና የክትባት ቁጥር ወረቀት መዝገብ ላይ ይቆያል።