በዋሽንግተን ግዛት ለተመሰከረላቸው መምህራን የሚከፈለው ልዩ አበል ሊጠበቅ ይገባዋል

መንግሥት ገንዘብ ሲያጥረው አስቀድሞ የሚቀንሰው፣ ቢቀነስ ጩኸቱ ቶሎ የማይሰማውን ወጪ ነው። ድልድይ ቢፈርስ መንገደኛው በዚያው ቀን ይጮኻል፤ ሐኪም ቤት ቢዘጋ በሽተኛው ከደጁ ቆሞ ይታያል፤ የመምህር ትጋት ቢቀዘቅዝ ግን ጉዳቱ የሚታወቀው ዛሬ ፊደል የሚቈጥረው ሕፃን አድጎ ለሥራ በተፈለገ ጊዜ ነው። በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት፣ ከፍተኛ የሙያ ምስክር ለያዙ መምህራን የሚከፈለው ልዩ አበል በበጀት ክርክር ጊዜ በቀላሉ ለመቀነስ የሚታሰበው ስለዚህ ነው። ይህች ዋሽንግተን ፕሬዚዳንቱ የሚቀመጥባት ከተማ አይደለችም፤ በምዕራብ በኩል በሰላማዊ ውቅያኖስ ዳር ያለች፣ መናገሻዋ ኦሊምፒያ፣ ታላቋ ከተማዋም ሲያትል የሆነች ግዛት ናት። ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩ ከሥሩ ሲታይ እንዲህ ነው። በ1983 የአሜሪካ የትምህርት ሚኒስትር ቴሬል ቤል ያቋቋሙት መርማሪ ጉባኤ፣ የአገሪቱ ትምህርት እየወደቀ መሄዱንና ሕዝቡም በዚህ ምክንያት አደጋ ላይ መሆኑን የሚያስጠነቅቅ መግለጫ አወጣ። ብዙ ሰው ደነገጠ፤ ከደነገጡትም አንዳንዶቹ የደከመውን መምህር መቅጣት፣ ሌሎቹም ተማሪውን በፈተና ብዛት ማስጨነቅ መድኀኒት መሰላቸው። በ1986 በካርኒጊ ድርጅት አማካይነት የተሰበሰቡ ሰዎች ግን ሌላ መንገድ አሳዩ፤ ይኸውም ሐኪሞች ሐኪሙን መርምረው የልዩ ሙያ ምስክር እንደሚሰጡት ሁሉ፣ መምህራንም መምህሩን መርምረው የሚመሰክሩበት አንድ ብሔራዊ ቦርድ ይቋቋም የሚል ነው። ቦርዱ በ1987 ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው ሊቀ መንበሩም የሰሜን ካሮላይና አገረ ገዥ የነበሩት ጄምስ ሃንት ነበሩ።

የማስተማር ፈቃድና ይህ ምስክር አንድ አይደሉም። ፈቃድ ማለት ሰውየው ወደ ክፍል ለመግባት ይበቃል ተብሎ መንግሥት የሚሰጠው መግቢያ ነው፤ ምስክሩ ግን መምህሩ ሦስት ዓመት ካስተማረ በኋላ በገዛ ፈቃዱ ተነሥቶ፣ ሥራውን ለባልንጀሮቹ ሙያተኞች አቅርቦ የሚያገኘው ማዕርግ ነው። በኢትዮጵያ የዜማ ተማሪ ድጓውን ከመምህሩ ዘንድ ቢጨርስም እንኳ ቤተ ልሔም ሄዶ ሳያስመሰክር የድጓ መምህር ተብሎ ጉባኤ እንደማይዘረጋ የሚያውቅ አንባቢ፣ የአሜሪካኖቹን አሳብ ለመረዳት አይቸገርም።

ምርመራው አራት ክፍል አለው። አንደኛው መምህሩ የሚያስተምረውን ትምህርት ጠንቅቆ ማወቁ በኮምፒዩተር የሚፈተንበት ነው። የቀሩት ሦስቱ ግን ከራሱ ክፍል የሚወጡ ናቸው። የተማሪዎቹን የጽሑፍ ሥራ አቅርቦ፣ በልጁ ላይ ምን እንዳየና ስለ ምን እንዲህ አድርጎ እንዳስተማረው ይጽፋል፤ ሲያስተምር የተቀረጸ ሁለት ፊልም ያቀርባል፤ ተማሪዎቹን በምን እንዳወቃቸው፣ ይህንንም ዕውቀት ለትምህርታቸው እንዴት እንደ ተጠቀመበት ማስረጃ ያመጣል። ፊልሙን ቈርጦ መቀጠል ስለማይፈቀድለት፣ ልጁ ሲሳሳት መምህሩ ያደረገው ሁሉ እንዳለ ይታያል። ብዙ ዓመት ያስተማረ ሰው ራሱን በፊልም አይቶ፣ ጥያቄ ጠይቆ መልሱን ሳይጠብቅ ራሱ ሲመልስ ቢያገኘው ማፈሩ አይቀርም፤ የምርመራውም ጥቅም ከዚያ ኀፍረት ይጀምራል።

ለዚህም መምህሩ ለያንዳንዱ ክፍል 475 ዶላር፣ በጠቅላላው 1,900 ዶላር ይከፍላል፤ በየዓመቱ የሚከፈለው የ75 ዶላር መመዝገቢያ ሌላ ነው። ብዙዎች በመጀመሪያው ጊዜ አይሳካላቸውም፤ እንደ ገና ከፍለው ይሞክራሉ። ያለፈውም ምስክሩን በየአምስት ዓመቱ ማደስ አለበት። እስከ ዛሬ በመላው አሜሪካ ይህን ምስክር ያገኙት መምህራን ከ130 ሺህ ይበልጣሉ፤ ከነዚህም ከ10 ሺህ በላይ የሚሆኑት የዋሽንግተን ግዛት መምህራን ናቸው።

የግዛቱ ሕግ አውጭዎች በ2007 ባወጡት ሕግ፣ ምስክሩን ለያዘ የሕዝብ ትምህርት ቤት መምህር በየዓመቱ 5,000 ዶላር እንዲከፈለው፣ ይህም ገንዘብ ከኑሮ ውድነት ጋር እየታየ ከፍ እንዲል ወሰኑ። የሕጉ ዋና ብልኀት ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ምስክር የያዘው መምህር ድኾች በበዙበት ትምህርት ቤት ያስተማረ እንደ ሆነ እስከ 5,000 ዶላር የሚደርስ ሌላ አበል ይጨመርለታል። የድኾች ትምህርት ቤት የሚባለው የትኛው እንደ ሆነም በግምት አልተተወም፤ በነፃ ወይም በቅናሽ ዋጋ ምሳ የሚበሉት ልጆች ተቈጥረው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከመቶ 70፣ በመካከለኛው 60፣ በሁለተኛ ደረጃ 50 የደረሱ እንደ ሆነ ነው። በየትም አገር ልምድ ያገኘ መምህር ቀስ በቀስ ወደ ደላው ሰፈር ይሳባል፤ በድኻው ሰፈር የሚቀረው ጀማሪው ነው፤ እሱም ሲለምድ ይሄዳል። የዋሽንግተን ሕግ ይህን ጅረት በገንዘብ ወደ ኋላ ለመመለስ የተደረገ ሙከራ ነው።

ስለ ሲያትልና ስለ አካባቢዋ ሲነገር ኢትዮጵያዊ አንባቢ በዝምታ ሊያልፈው አይገባም። በዚያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሰፍረዋል፤ በከተማዪቱ የሕዝብ ትምህርት ቤቶችም ከእንግሊዝኛ ሌላ በተማሪዎች ቤት ከሚነገሩት ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እናት ሌሊት በሥራ ስታድር፣ አባት ቀን መኪና ሲነዳ ሲውል፣ ልጁ ይዞት የመጣውን የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ የሚያይለት የለም፤ ቢያዩለትም ቋንቋው ለነሱም አዲስ ነው። የዚህ ልጅ ዕድል የተጣለው በመምህሩ ላይ ነው። ብሔራዊው ቦርድ ከሚመሰክርባቸው ሙያዎች አንዱም እንግሊዝኛን እንደ አዲስ ቋንቋ የሚማሩትን ልጆች ማስተማር ነው። ይህን ሙያ ያስመሰከረ መምህር፣ ልጁ ዝም ያለው ነገሩ ሳይገባው ቀርቶ ይሁን ወይም ቃል አጥቶ ለይቶ እንዲያውቅ ይጠበቅበታል፤ በኢትዮጵያ ቤት ያደገ ልጅ የመምህሩን ዐይን ትኵር ብሎ የማያየው ከአክብሮት እንጂ ከእንቢተኝነት እንዳልሆነ ጠይቆ የሚረዳም እንዲህ ያለው መምህር ነው። አበሉ ቢነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጐድልባቸው እነዚህ ልጆች ናቸው።

አበሉን የሚነቅፉት ሰዎች የሚሉት ሁሉ ከንቱ አይደለም። ወጪው በየዓመቱ በዐሥር ሚሊዮኖች የሚቈጠር ዶላር ነው፤ መምህራኑ በበዙ ቍጥርም ይበዛል። ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ምን ተገኘ ብሎ መጠየቅ የሕዝብ ገንዘብ ጠባቂ ግዴታ ነው። በ2008 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ጉባኤ ጥናቶቹን ሁሉ መርምሮ፣ ምስክር የያዙት መምህራን የተማሪዎቻቸውን የፈተና ውጤት ከሌሎቹ ይልቅ ከፍ እንደሚያደርጉ አረጋገጠ፤ ነገር ግን ምርመራው ራሱ መምህሩን ያሻሽለዋል ወይስ ቀድሞውንም ጐበዝ የሆነውን ብቻ ይለያል ለሚለው ጥያቄ ማስረጃው እንደማይበቃ ገለጸ። በ2016 ጄምስ ካዋንና ዳን ጎልድሃበር የሚባሉ ተመራማሪዎች በዚያው በዋሽንግተን ግዛት ባወጡት ጥናት፣ ምስክር የያዙት መምህራን ብልጫ እንዳላቸው፣ ብልጫውም በመካከለኛ ደረጃ የሒሳብ ትምህርት ላይ ይበልጥ እንደሚታይ አስረድተዋል። እነዚሁ ሰዎች በ2018 ያወጡት ሌላ ጥናት ግን ለአበሉ ደጋፊዎች የማይመች ነው። ለድኾች ትምህርት ቤት የተጨመረው ገንዘብ በነዚያ ትምህርት ቤቶች ምስክር የያዙትን መምህራን አበዛ፤ የተማሪዎቹ የፈተና ውጤት ግን በዚያው ልክ ከፍ ማለቱ አልታየም።

ይህን ጥናት መሸሸግ አያስፈልግም፤ ከዚህ ተነሥቶ አበሉ ይሰረዝ ማለት ግን አይከተልም። ሕጉ መምህሩን ወደ ድኻው ሰፈር አምጣው ተብሎ ነበር፤ አመጣው። ከመጣ በኋላ በምን ሥራ እንደሚውል ግን የወሰነ የለም። አንድ ብልኅ መምህር የራሱን ክፍል ብቻ እያስተማረ በሩን ዘግቶ ቢውል፣ ከጐኑ ያለውን ጀማሪ ምን ሊጠቅመው ይችላል? ጐድሎ የተገኘው ሥራ እንዲሟላ ማድረግ ሲገባ የተሠራውን ማፍረስ የመንግሥት ጥበብ አይደለም።

ቃል የማፍረስ ጉዳት ምን ያህል እንደ ሆነ ከሌሎቹ ግዛቶች መማር ይቻላል። ደቡብ ካሮላይና በዓመት 7,500 ዶላር ትከፍል ነበር፤ በምስክር ያዦችም ብዛት ከፊተኞቹ ተርታ ነበረች። ከ2010 ወዲህ ላመለከቱት 5,000 አደረገችው፤ ከ2018 ሐምሌ ጀምሮ ለሚያመለክቱት ደግሞ አስቀረችው። ፍሎሪዳ በ1998 ሕግ አውጥታ በደመወዝ ላይ ዐሥር ከመቶ መጨመር ጀምራ ነበር፤ ከ2008 የገንዘብ ችግር በኋላ ገንዘቡ እየመነመነ ሄዶ ቆመ። በአንጻሩ ከአሜሪካ ግዛቶች እጅግ ድኻ ከሚባሉት አንዷ ሚሲሲፒ ለያንዳንዱ ምስክር ያዥ በዓመት የምትከፍለውን 6,000 ዶላር በክፉ ቀንም አልተወችም። ሜሪላንድም በ2021 በጸናው የትምህርት ሕጓ 10,000 ዶላር፣ በደካማ ትምህርት ቤቶች ለሚያስተምሩት ደግሞ 7,000 ዶላር ጭማሪ ወስናለች። ስለዚህ የሀብት ማነስ ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ዋሽንግተንም ብትሆን በዚሁ ገደል አፋፍ ቆማ ታውቃለች። በ2010 መጨረሻ አገረ ገዥዋ ክሪስቲን ግሪጉዋር ያቀረቡት የበጀት እቅድ አበሉ ለጊዜው እንዲቆም የሚል ነበር። ምክር ቤቱ አበሉን አላቆመም፤ ለአዲስ ምስክር ያዦች ግን የመጀመሪያው ዓመት አበል ከመቶ አርባ እንዲቀነስ አደረገ። በ2012 ደግሞ የግዛቱ ላዕላይ ፍርድ ቤት ማክሊሪ በተባለው ክርክር፣ ለልጆች ሁሉ በቂ ትምህርት ማዘጋጀት ከሁሉ የሚቀድም ግዴታ ነው የሚለውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 9 መንግሥት አልፈጸመም ብሎ ፈረደ፤ በ2015ም በቀን 100 ሺህ ዶላር መቀጫ ጣለበት። ከዚያ ወዲህ መሠረታዊ ትምህርት ተብሎ በሕግ የታጠረውን ክፍል መንካት ከባድ ሆነ። የመምህራኑ አበል ግን ከአጥሩ ውጭ ቀረ። በ2025 ግዛቱን በቢሊዮን የሚቈጠር የበጀት ጉድለት ሲገጥመው፣ ከአጥር ውጭ ያለው ሁሉ ለመቀስ የተመቸ ሆኖ ታየ።

ጉድለቱ እውነተኛ ነው፤ አንድ ዶላር አይነካ ማለትም አይቻል ይሆናል። የግድ መቀነስ ካለበት በኑሮ ውድነት ምክንያት የሚጨመረው ለተወሰነ ጊዜ ይቁም፤ በድኾች ትምህርት ቤት ላሉት የሚከፈለው ግን ከሁሉ በኋላ የሚነካ ይሁን። መምህሩ ምርመራውን ጀምሮ እስኪፈጽም ሦስት ዓመት ሊወስድበት ይችላል፤ በዚህ መካከል ሕጉ ቢለወጥ፣ ቃሉን አምኖ 1,900 ዶላሩን የከፈለው ሰው ይከዳል፤ ከሱም በኋላ የሚያመለክት አይገኝም። ስለዚህ አስቀድመው ያመለከቱት ሁሉ በቀድሞው ሕግ እንዲጠበቁ በሕጉ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ። አበሉን በመሠረታዊ ትምህርት አጥር ውስጥ ማግባትም ምክር ቤቱ በሚቀጥለው ስብሰባው ሊመክርበት የሚገባ ነገር ነው፤ ይህም ሲደረግ ምስክር የያዘው መምህር በሳምንት ጥቂት ሰዓት ከራሱ ክፍል ተነሥቶ ጀማሪውን እንዲረዳ ጊዜው አብሮ ይመደብለት።